ከፎቁ ላይ ያልታዩት እትዬ ቀነኒ

የአጎቴ ልጅ ሄለን ሰሞኑን አዲስ አበባ ካሉት ረጃጅም ሕንፃዎች አንዱ ጫፍ ላይ ወጥታ ደወለችልኝ። ንፋሱ ስልኩ ውስጥ ይጮኻል። «ሲፈን፣ ከተማው በሙሉ እግሬ ሥር ነው!» አለች። ሊፍቱ ጆሮ ይደፍናል አለች። ግድግዳው ከላይ እስከ ታች መስታወት ነው አለች። ጫፉ ላይ ፎቶ ለመነሳት ሰው ይሰለፋል አለች። እኔ የጠየቅኋት አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ ከታች ማን ሰላም አለሽ?

 ማንም ሰላም እንዳላላት፣ ከታች ያለው ሰው እሷን ከየት እንደሚያውቃት፣ ጥያቄዬም የጤነኛ ሰው ጥያቄ እንዳልሆነ ነገረችኝ።

ቀናሁባት። በመስታወቱ አይደለም፣ በሊፍቱም አይደለም። ያን ያህል ከፍታ ላይ ቆሞ በማንም አለመታወቅ! እንዴት ያለ ዕድል ነው?

ለነገሩ እኛም መቱ ውስጥ ፎቅ አለን። አትሳቁ። ከተሞችን ሁሉ አሰልፋችሁ ምረጪ ብትሉኝ የምመርጠው መቱን ነው፤ ስለዚህ ስለ ፎቃችን ስናገር በትዕግሥት ስሙኝ። አምስት ፎቅ ነው፣ ጣሪያው ላይ ያለውን የውሃ ታንከር ከቆጠርን ስድስት ሊሞላ ምንም አይቀረው። ስሙ ፊት ለፊቱ ላይ በትልልቅ ፊደል ተጽፏል፣ ግን ያነበበው ሰው አላጋጠመኝም። ሁላችንም የምንለው «ፎቁ» ነው። ሌሎች ባለ ሁለትና ባለ ሦስት ፎቅ ሕንፃዎችም አሉ፤ እነሱ ግን ቤት ናቸው። ፎቁ የሊፍት ጉድጓድ አለው፤ ሊፍቱ እየመጣ ነው ይባላል። እስኪመጣ ጉድጓዱ ውስጥ የለስላሳ ሳጥን ተደርድሯል። በየደረጃው መታጠፊያ አንድ አንድ የፕላስቲክ ወንበር አለ፣ ለሚደክመው ሰው። ጣሪያው ላይ ጥላ፣ ጠረጴዛና ማኪያቶ አለ። ሌላው ሁሉ ዕይታ ነው።

ዕይታው ምን ይመስላል አትሉኝም? አረንጓዴ ነው። ቆርቆሮ ጣሪያ፣ ከዚያ አረንጓዴ፣ ከዚያ ሌላ ዓይነት አረንጓዴ፣ ከዚያ ወደ ጎሬ በኩል ደመና። ግን ይህን የሚያይ ሰው ከስንት አንድ ነው። የመቱ ሰው ፎቁ ላይ ሲወጣ መጀመሪያ የሚፈልገው የገዛ ቤቱን ነው። ያገኘዋል። ወዲያው ስልኩን ያወጣል። «እስኪ ውጪ! ግቢ ውጪና ቁሚ!» ይላል። ሚስት ትወጣለች፣ ልጆች ይወጣሉ፣ ጎረቤት ምን ተፈጠረ ብሎ ይወጣል። ከላይም ከታችም እጅ ይውለበለባል። ጠዋት አብረው ቁርስ የበሉ ሰዎች ናቸው እኮ! አንድ ጊዜ ከዳሪሙ የመጣ ገበሬ ዳሪሙ በየት በኩል እንደሆነ ጠየቀ። አሳዩት። ጫካ እንጂ ምንም አይታይም። ባርኔጣውን አውልቆ ወደዚያ አቅጣጫ አንገቱን ዝቅ አደረገና ሰላም አለ። ባለቤቱ እዚያ ናት። ዝም ብሎ ማለፉ ነውር መስሎት ነው።

ሰላምታ እንግዲህ የመቱ ዋና ሥራ ነው። እኔ ደግሞ ዓይናፋር ነኝ። ሁለቱ አንድ ላይ እንዴት እንደሚኖሩ እኔን ጠይቁኝ። ከቤቴ እስከ መሥሪያ ቤቴ የእግር መንገዱ አሥራ ሁለት ደቂቃ ነው፤ ሰላምታው ግማሽ ሰዓት ይጨምርበታል። መጀመሪያ በኦሮምኛ አካም ቡልቴ ይባላል። ከዚያ በአማርኛ እንዴት አደርሽ ይባላል፣ የመጀመሪያው እንዳይበቃ። ከዚያ እናትሽ፣ ወንድምሽ፣ የወንድምሽ ሚስት፣ ላሟ፣ የላሟ ጥጃ። እኔ መዝገብ ቤት ነው የምሠራው፤ ፋይል ሰላምታ አይጠይቅም፣ ለዚህ ነው የምወደው። አንድ ቀን መላ መታሁና መጽሐፍ ገልጬ እያነበብኩ ሄድኩ። የሚያነብ ሰው ማን ያስቆማል ብዬ ነው። ማንም አላስቆመኝም። ማታ ግን ሦስት ሰው እማዬን ስለ ጤንነቴ ሊጠይቅ መጣ። አንደኛዋ ብርቱካን ይዛ ነበር።

ስለዚህ ፎቁ ሲከፈት ለኔ የተሠራ መሰለኝ። ከሥራ በኋላ ማኪያቶ አዝዤ ከታንከሩ ጥግ፣ ግንቡ ዝቅ ካለበት ቦታ ተቀምጬ አነባለሁ። አስተናጋጁ ለመደኝ፣ አያናግረኝም። ከተማዬን እወዳታለሁ አላልኳችሁም? ከዚያ ርቀት ላይ ሆኜ ደግሞ ይበልጥ እወዳት ነበር።

አሁን ወደ እትዬ ቀነኒ ልውሰዳችሁ።

እትዬ ቀነኒ ጎረቤታችን ናቸው። ማር ነጋዴ ናቸው። ከያዮ የሚመጣውን የጫካ ማር በቢጫ ባልዲ ይዘው ደንበኞቻቸው ቤት ያደርሳሉ። ፊደል አልቆጠሩም፤ ልብ ወለድ ግን እንደሳቸው የሚወድ ሰው አላየሁም። ሁልጊዜ ቅዳሜ ከሰዓት እኛ ቤት ይመጣሉ፣ እኔ አነባለሁ፣ እሳቸው ያዳምጣሉ። ማዳመጥ ስላችሁ ዝም ብሎ አይደለም። ገጸ ባሕርያቱን ይመክራሉ፣ ይቆጣሉ፣ አንዳንዱን ይረግማሉ። «እሱን አትመኚው፣ ኢንታላ ኮ!» ይላሉ መጽሐፉ ውስጥ ላለችው ሴት። ልጄ ማለታቸው ነው። እኔንም ኢንታላ ኮ ነው የሚሉኝ። ከሰው ጋር ሁለት ሰዓት ሙሉ ድምፄን ከፍ አድርጌ የማወራው በሳምንት አንድ ቀን ነው፤ ያውም የሌላ ሰው ቃል። ያች ቅዳሜ ባትኖር ድምፄ ዝጎ ይቀር ነበር።

በዚያ ሰሞን አንድ ወፍራም ልብ ወለድ ይዘን መሐሉ ደርሰን ነበር። ባሏ ሞቷል የተባለች ሴት ሌላ ልታገባ ስትል፣ በሠርጓ ዋዜማ በር ይንኳኳል። ምዕራፉ እዚያ ላይ አለቀ። እትዬ ቀነኒ አንድ ገጽ ጨምሪ ብለው ለመኑኝ። እኔ ለሚቀጥለው ቅዳሜ ይደር አልኩ። ጭካኔ ነው፣ አውቃለሁ።

ሐሙስ ዕለት ፎቁ ላይ ነበርኩ። ከመጽሐፌ ቀና ስል እትዬ ቀነኒ ቢጫውን ባልዲ ተሸክመው ከፎቁ ሥር ያለውን አደባባይ ሲያቋርጡ አየኋቸው። እሳቸውም አዩኝ። ባልዲውን መሬት አስቀመጡ። ሁለት እጃቸውን ወደ ሰማይ አነሱ። «ኢንታላ ኮ! ሲፈን!» ብለው ተጣሩ፤ ድምፃቸው ደግሞ ጎረቤት ከተማ ሁሩሙ ድረስ ይሰማል። የባጃጅ ሾፌሮቹ ቀና አሉ። የሚኒባስ ረዳቶቹ ቀና አሉ። ሻይ የሚጠጣው ሁሉ ቀና አለ። ያ ሁሉ ዓይን እኔ ላይ።

ምን ባደርግ ጥሩ ነው? እጅ ማንሳት። አንድ እጅ ብቻ። ምን አለበት?

እኔ ግን ከወንበሬ ወርጄ ቁጭ አልኩ። ከግንቡ ሥር። ጭልፊት ያየች ጫጩት እንደምትሆነው፣ ሳላስበው።  ቆይቼ በግንቡ ቀዳዳ ስመለከት እትዬ ቀነኒ አሁንም እጃቸው ተነሥቶ ነበር። ከዚያ ቀስ ብለው አወረዱት፣ ባልዲውን አነሡ፣ ሄዱ።

ቅዳሜ አልመጡም።

እማዬ ልትጠይቃቸው ሄዳ ተቆጥታ ተመለሰች። እትዬ ቀነኒ አይታ ዝም አለችኝ ብለዋል፤ እውነት ነው? ስትል ጠየቀችኝ። እዚህ ላይ ነው ጥፋቱ የተሠራው። እውነቱን ብናገር ያልቅ ነበር። ግን ምን ብዬ? ሰው ሲያየኝ አፈርኩ ልበል? በዚህ ዕድሜዬ? ዋሸሁ። «አላየኋቸውም እማዬ። ከዚያ ላይ ሰው ጉንዳን ነው የሚመስለው» አልኩ።

እማዬ ይህን ለማስታረቅ ብላ ወስዳ ነገረቻቸው። ከእኛ በር እስከ እሳቸው በር ሃያ እርምጃ ነው። እትዬ ቀነኒ ከሁሉም ቃል መርጠው የያዙት አንዱን ነው። «ጉንዳን? እኔን? ጡት ስትጥል ማር ያላስኳት ልጅ እኔን ጉንዳን አለች?»

ሁለት ቅዳሜ አለፈ። ሦስተኛውም አለፈ። መጽሐፉን ብቻዬን መቀጠል ሞከርኩ፤ አልሆነም። በሩ እየተንኳኳ ነው፣ የሚቆጣው ሰው ግን የለም። እማዬ እንደምትለው እሳቸውም አልተመቻቸውም። ማር ሊሰጡ በገቡበት ቤት ሁሉ፣ ባሏ ሞተ ተብሎ በር ቢንኳኳ ማን ይመስላችኋል እያሉ ይጠይቁ ነበር አሉ።

ነገሩ በጃርሱማ እንዲታይ ተወሰነ፤ ሽማግሌ ገባ ማለት ነው። እማዬ ናት የጠራቻቸው። አንዱ ጋሼ ተስፋዬ ናቸው፣ ጡረታ የወጡ የጂኦግራፊ አስተማሪ፣ እኔንም ያስተማሩኝ። ሁለተኛው ሐጂ ኑሪ ናቸው፣ የጨርቃ ጨርቅ ነጋዴ፤ አባታቸው ከስልጤ ነው የመጡት፣ እሳቸው ግን ኦሮምኛ የሚያውቁትን ያህል እኛ አናውቅም። ግቢያችን ውስጥ አቮካዶው ሥር ወንበር ወጣ። እትዬ ቀነኒ ተናገሩ። እጃቸውን ምን ያህል እንዳነሱ ቆመው አሳዩ። እኔ ተጠየቅሁ። ዓይኔን መሬት ላይ ተክዬ አላየሁም አልኩ።

ሐጂ ኑሪ ይቅር ተባባሉና ወደ ሥራችን እንሂድ አሉ። ጋሼ ተስፋዬ ግን አስተማሪ ናቸው። ክርክሩ ስለ ርቀትና ስለ ከፍታ ነው፣ እዚህ ዛፍ ሥር ተቀምጠን ልንፈታው አንችልም አሉ። ፎቁ ላይ ወጥተን ሰው ይታይ እንደሆነ እናያለን። ቀነኒ በዚያው ቦታ ላይ በዚያው ባልዲ ትቆማለች፣ እጇንም ታነሳለች። ስንጨርስ እንደውላለን፤ እስክንደውል እንዳትነቃነቂ አሏቸው!

 ከዚያ ፎቅ ላይ ሰው እንዴት እንደሚታይ ከኔ በላይ የሚያውቅ የለም። ባልዲው ብቻ አይደለም፣ ባልዲው ላይ የታሰረው ጨርቅ ቀለም ይታያል። ሽማግሌዎቹ ይወጣሉ፣ ያያሉ፣ እኔ ውሸታም እሆናለሁ። ያኔ ጉንዳን ማለቴ ስድብ እንጂ ስሕተት አይሆንም። ቅዳሜዎቼ አለቁ።

ወጣን። መውጣቱ ቀላል እንዳይመስላችሁ። ሐጂ ኑሪ ጉልበታቸውን ያማቸዋል፤ በየመታጠፊያው ወንበሩ ላይ ይቀመጣሉ። በተቀመጡ ቁጥር በየፎቁ ያለው ሰው ሰላም ሊላቸው ይወጣል። ሦስተኛው ፎቅ ላይ አንድ ደንበኛ አግኝተው ስለ አቡጀዲ ተነጋገሩ። ጣሪያው ላይ ስንደርስ ዝናቡ ወደ ጎሬ በኩል ቆሞ እየጠበቀን ነበር።

እኔ ሽማግሌዎቹ ወዲያው ወደ አደባባዩ የሚያዩ መስሎኝ ነበር። ግን የመቱ ሰዎች ናቸው።

«ቤቴ የት አለ?» አሉ ሐጂ ኑሪ።

ጋሼ ተስፋዬ በጣታቸው አሳዩአቸው። ሐጂ ትንሽ አዩና ፊታቸው ተለወጠ። ጣሪያቸውን ሙሉ በሙሉ በአዲስ ቆርቆሮ አስለውጠዋል፤ ለዓመታት ሲያወሩት ሰምተናል። ከላይ ሲታይ ግን አዲሱ በመንገዱ በኩል ያለው ብቻ ነው። የጓሮው በኩል ዝገት ነው።

«ሐጂ፣ ያ አዲሱ ቆርቆሮ የታለ?» አሉ ጋሼ ተስፋዬ።

«በዚያ በኩል ማን ያያል ብዬ ነዋ!»

«አሁን መቱ በሙሉ ማኪያቶ እየጠጣ ያየዋል።»

«አንተስ? ጎመን አልዘራሁም፣ ጊዜ የለኝም ብለህ በየሳምንቱ ከኛ ጓሮ የምታስቀጥፈው፣ ያ አጥርህ ውስጥ ያለው ምንድን ነው? አበባ ነው?»

እንዲህ እንዲህ እያሉ የማን አጥር ወደ ማን ገፋ፣ የማን ጓሮ ታረሰ፣ የከተማውን ጀርባ በሙሉ አዳረሱ። እኔ አንድ ጊዜ ብቻ ወደ ታች አየሁ። እትዬ ቀነኒ ባልዲያቸውን አስቀምጠው፣ ሁለት እጃቸውን አንስተው ቆመዋል። ጨርቁ ቀይ ነው። ከዚያ ዝናቡ መጣ። የኢሉባቦርን ዝናብ ታውቁታላችሁ፣ አያንኳኳም። ጉሙ ከፊቱ ቀድሞ ገባና አደባባዩን ዋጠው፣ መንገዱን ዋጠው፣ የሐጂን ቆርቆሮ አዲሱንም አሮጌውንም ዋጠው። ያን ጊዜ ነው ጉዳያችን ትዝ ያላቸው። ሁለቱም ከጥላው ሥር አንገታቸውን አስግገው ነጭ ጉም አዩ።

«ሰው ይታያል?» አሉ ጋሼ ተስፋዬ።

«እንኳን ሰው መቱም አትታይም» አሉ ሐጂ ኑሪ።

ተፈረደ። ከፎቁ ላይ ሆኖ ታች ያለን ሰው ማየት አይቻልም፤ ሲፈን አላየችም። ጋሼ ተስፋዬ ትከሻዬን መታ መታ አደረጉና ሌላ ማኪያቶ ታዘዘ።

ነጻ ወጣሁ። ደስ ሊለኝ ይገባ ነበር አይደል? ግን አንድ ነገር አልተወኝም፤ ማንም አልደወለም። እትዬ ቀነኒ ደግሞ አትነቃነቂ ከተባሉ የማይነቃነቁ ሰው ናቸው።

ደረጃውን እንዴት እንደወረድኩ አላስታውስም። አደባባዩ ባዶ ነው፤ ሰው ሁሉ በየሱቁ ቆርቆሮ ሥር ተጠልሏል። መሐል ላይ እትዬ ቀነኒ ብቻቸውን ቆመዋል። ነጠላቸው ከራሳቸው ጋር ተጣብቋል። እጃቸው አሁንም ወደ ላይ ነው።

ሮጬ ሄድኩ። «እትዬ፣ አይቼዎታለሁ» አልኩ።

የዝናቡ ድምፅ ቆርቆሮው ላይ ሌላ ነገር አያሰማም። «ምን?» አሉ።

«አይቼዎታለሁ!»

«ጮክ በዪ!»

በሕይወቴ በአደባባይ ጮኼ አላውቅም። ከቆርቆሮው ሥር ያለውን ሰው አየሁ፤ ሾፌሩም፣ ረዳቱም፣ የመሥሪያ ቤቴ ሰዎችም አሉበት። ዓይኔን ጨፈንኩና በሙሉ ድምፄ፣ «ያን ዕለት አይቼዎት ነበር! ሰው ሁሉ ሲያየኝ አፍሬ ተደበቅሁ! ጉንዳን አይመስሉም! የባልዲውን ቀይ ጨርቅ ሳይቀር አይቻለሁ!» አልኩ። ልክ በዚያች ቅጽበት ዝናቡ ቀነስ አለ። የመጨረሻውን ቃል መቱ በሙሉ ሰማው። አንድ ረዳት አጨበጨበ።

እትዬ ቀነኒ እጃቸውን አወረዱ። ክንዳቸውን እያሻሹ ረጅም ጊዜ አዩኝ።

«መጀመሪያ ያልሽውንም ሰምቼ ነበር» አሉ። «ድምፅሽ እንዲህ መሆኑን አላውቅም ነበር እንጂ።» ከዚያ ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብለው፣ «በሩን ያንኳኳው ማን ነው?» አሉ።

እኔም እንደማላውቅ፣ ያለሳቸው አንድ ገጽ እንዳልገለጥኩ ነገርኳቸው። ያኔ ነው የታረቅነው። ሌላው ሁሉ ሥነ ሥርዓት ነው።

ሥነ ሥርዓቱ ግን ተበላሸ። ሽማግሌዎቹ ሲወርዱ አይቻለሁ ብዬ መናገሬን ሰሙ። እትዬ ቀነኒም ፍርዱ ይስተካከል አሉ። ጋሼ ተስፋዬ እንቢ አሉ። በቦታው ተገኝተን፣ በዓይናችን አረጋግጠን የወሰንነው ነው፤ ልጅቷ አየሁ ብትልም አላየችም። ሐጂ ኑሪም ቆርቆሯቸውን አስበው መሰለኝ፣ በጣም አጥብቀው ደገፏቸው። ስለዚህ እስከ ዛሬ ድረስ መቱ ውስጥ፣ በሽማግሌ ደንብ፣ ከፎቁ ላይ ምንም አይታይም።

የዚህን ውጤት ማንም አላሰበበትም። ፎቁ ላይ ያለ ሰው ሰላም ባይል አይወቀስም ማለት ነዋ! በሁለት ሳምንት ውስጥ ጣሪያው ሞላ። እኔ መቱ ውስጥ ብቸኛዋ ዓይናፋር መስሎኝ ነበር። ሠርግ ሁሉ ላይ ቀድሞ የሚጨፍረው ሾፌር መጥቶ ጥግ ይዟል። በሩ ላይ ቆማ አላፊ አግዳሚውን የምትጠራው ባለ ሱቋ ጀርባዋን ለአደባባዩ ሰጥታ ተቀምጣለች። ማንም ማንንም አያናግርም። እንዴት ደስ የሚል ሰፈር መሰላችሁ!

ባለፈው ቅዳሜ እትዬ ቀነኒን ይዤ ወጣሁ። ወንበር ሳንዘል፣ በእያንዳንዱ መታጠፊያ አርፈን። ፊት ለፊት፣ ሰው ሁሉ የሚያየው ቦታ ላይ ተቀመጡ፤ ያን ወፍራም ልብ ወለድ ጨርሰናልና እኔ አዲስ መጽሐፍ ገለጥኩ። ሦስተኛው ገጽ ላይ ከታች ድምፅ መጣ። ጋሼ ተስፋዬ አደባባዩ ላይ ቆመው፣ ባርኔጣቸውን እያውለበለቡ፣ «ቀነኒ! አካም ጅርታ?» ይላሉ። ደህና ነሽ ወይ ነው።

እትዬ ቀነኒ ቀጥ ብለው አዩአቸው። ከእግር ጥፍራቸው እስከ ባርኔጣቸው ነው ያዩአቸው። ከዚያ ወደኔ ዞሩ።

«ማንም አይታየኝም» አሉ። «አንብቢ።»

ጋሼ ተስፋዬ ባርኔጣቸውን አላወረዱም። እንደገና ተጣሩ። የባጃጅ ሾፌሮቹ ቀና አሉ፣ ሻይ የሚጠጣው ሁሉ ቀና አለ። እትዬ ቀነኒ ማኪያቷቸውን ያማስላሉ። ሌላ ጃርሱማ ከሩቅ ታየኝ። ምን ላድርግ? ተነሣሁ፣ ሁለት እጄን ወደ ሰማይ አነሳሁና ጮኽኩ።

«ደህና ነን ጋሼ! እትዬም ደህና ናቸው! እርስዎን ግን አያዩዎትም!»